አያ ሰርቨርና የላይኛው መደርደሪያ ድራይቨር

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ በሉ። ግን አጠገባችሁ የተቀመጠውን ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ በዚህ ተረት ውስጥ የሚታመን ጥቂት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ ቆላ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አያ ሰርቨር የሚባል ሽማግሌ ኮምፒውተር ይኖር ነበር። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ የበሽተኞቹን ካርድ ሁሉ በሆዷ የያዘች እመት ዳታቤዝ ትኖር ነበር። ሁለቱ ቋንቋቸው አይገጥምም። ስለዚህ በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል መልእክተኛ ይመላለሳል። ድራይቨር ስላችሁ መኪና የሚነዳ እንዳይመስላችሁ፤ የአያ ሰርቨርን ጥያቄ በእመት ዳታቤዝ ቋንቋ ነግሮ መልሷን ይዞ የሚመጣ አስተርጓሚ ነው።

አንድ ጠዋት ያምሮት የምትባለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ የበሽተኛ ስም ጻፈች። አያ ሰርቨር ድራይቨሩን ላከ። ድራይቨሩ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምነው ቢለው፣ ሽቦው ተቆርጧል፣ ጥርስ ያረፈበት ይመስላል አለው።

አያ ሰርቨር ለሰው የሚናገረው በስክሪኑ ነውና «ግንኙነት የለም» ብሎ ጻፈ። ያምሮት ዘበኛውን ጋሽ ቢተውን ጠራች። ጋሽ ቢተው ጎንበስ ብለው እንኳ ሳያዩ አይጥ ናት አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተስተካከለ ከግድግዳው ሥር መርዝ እንደሚያደርጉ ተናግረው ወጡ።

ከግድግዳው ሥር እመት አይጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆቿን አቅፋ ተኝታ ነበር። ሰማች፤ ክው አለች። ልጆቿን ይዛ እንዳትሸሽ ደጃፉ ላይ ድመት ተጋድማለች። ስለዚህ ወደ አያ ሰርቨር ወጣች።

«አያ ሰርቨር፣ ሽቦውን አልነካሁም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ ልይልህ» አለችው።

አይጥ ሽቦ ስትመረምር ደግሞ ማን ያምናል? አያ ሰርቨርም አላመናትም። እሷ ግን ሄደች፤ አየች፤ ሽቦው ደህና ነበር።

አያ ሰርቨር ድራይቨሩን እንደገና ላከ። ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሁን ደግሞ የይለፍ ቃሉ አልገባም፣ ሰው ቀይሮታል አለ። አያ ሰርቨር ያምሮትን ጠረጠረ፤ በስክሪኑም ጠየቃት። ያምሮት የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል መልሳ ጻፈች፤ ምንም ለውጥ የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ላከ። ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሁን ደግሞ የእመት ዳታቤዝ በር ከቦታው ተነሥቷል አለ። አያ ሰርቨር እመት ዳታቤዝን ጠረጠረ። አይጥ ሮጣ አየች፤ በሩ እዚያው የነበረበት ነው።

«አያ ሰርቨር» አለች፣ «ሽቦውን ጠረጠርክ፣ ያምሮትን ጠረጠርክ፣ በሩን ጠረጠርክ። እኔንማ ከሁሉ በፊት ጠረጠርክ። ምክንያቱ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሄዶ የሚመጣው ግን ያው አንዱ ነው።»

አያ ሰርቨር ተቆጣ። ከጉልምስናው ጀምሮ ያገለገለውን ድራይቨር በአይጥ ወሬ እንደማይጠረጥር ነገራት። ቢሆንም ነገሩ ከነከነው፤ መልሶ ላከው። አይጥም ኮቴዋን አጥፍታ ተከተለች።

ድራይቨሩ በሩን አንኳኳና ሰላምታ ሰጠ። እመት ዳታቤዝ ከውስጥ እንዲህ ስትል ተሰማች፦ «ያ ሰላምታ ቀርቷል ብዬሃለሁ። ቤቴ ትናንት ማታ ከታደሰ ወዲህ በአዲሱ ካልሆነ አልከፍትም። ቤቴን ያደሱት ባለሙያዎች ለጌታህ አዲስ ድራይቨር ትተውለት ሄደዋል፤ የት እንዳኖረው ጠይቀው።»

አይጥ ተመልሳ የሰማችውን ተናገረች። አያ ሰርቨር ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መደርደሪያ አየ። እውነትም አዲሱ ድራይቨር በአቧራው መካከል ተቀምጧል። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀው።

«ድራይቨር ብለህ ስትጠራ የላይኛው ቀድሞ አቤት ይላል» አለ አዲሱ። «አንተም የመጀመሪያውን አቤት ከሰማህ ወደ ታች አይተህ አታውቅም።»

አሮጌው ድራይቨር አንገቱን ደፋ። ሥራ አልቻለም ተብዬ ከተጣልኩ የት እገባለሁ ብዬ ነው የዋሸሁት አለ።

ግን አንድ ችግር ቀረ። አያ ሰርቨር መልእክተኛ የሚመርጠው ከእንቅልፉ ሲነሣ ብቻ ነው። ሌላ ለመምረጥ ጠፍቶ መነሣት አለበት፤ እሱ ደግሞ ፈራ።

«በዚህ ዕድሜዬ ተኝቼ ባልነቃስ?»

«ካልተኛህ ልጆቼ ያልቃሉ» አለችው አይጥ።

አያ ሰርቨር አሮጌውን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ ከአዲሱ በታች አኖረው። ከነቃሁ ንጹሕ መሆንሽን በስክሪኔ ላይ እጽፋለሁ፣ ሰው ሁሉ ያነበዋል ብሎ ቃል ገባላትና ዓይኑን ጨፈነ።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጋሽ ቢተው መርዙን ይዘው መጡ፤ ከግድግዳው ሥር አስቀመጡ። በዚያችው ቅጽበት አያ ሰርቨር እያቃሰተ ነቃ። ድራይቨር ብሎ ጠራ፤ አዲሱ አቤት አለ፤ ሄደ፤ በሩ ተከፈተለት፤ ካርዱም መጣ። ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጡት በሽተኞች መጠራት ጀመሩ።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ቢተው ለያምሮት፤ «መርዙ ገና ከመቀመጡ ተስተካከለ። ከእንግዲህ ከዚህ አይነሣም።»

አይጥ ስክሪኑን አየች። አያ ሰርቨርም አያት። እውነቱን ብጽፍ የገዛ መልእክተኛውን አይለይም፣ ጃጅቷል ብለው ይጥሉኛል ብሎ አሰበ። አሰበና «ተገናኝቷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ አልጻፈም።

አይጥ አልረገመችውም። ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያንጠለጠለች በድመቷ አጠገብ ማሻገር ጀመረች። ስንቶቹን እንዳሻገረች የነገረኝ የለም።

አሮጌው ድራይቨርስ? አያ ሰርቨር አዝኖለት፣ አሁን የሚላላከው አዲሱ ነው ብሎ፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ መለሰው። ከዚያ መብራት ጠፍቶ መጣ፤ አያ ሰርቨር ነቃ፤ ድራይቨር ብሎ ጠራ። ማን ቀድሞ አቤት እንዳለ እናንተው ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ «ግንኙነት የለም» አለ። ጋሽ ቢተው መርዙ እንዳልተነካ አዩና ግራ ገባቸው። አያ ሰርቨርም ሽቦውን ሮጦ የሚያይለት አጣ።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ ቆመ። እናንተም ነገር ሲበላሽባችሁ፣ ሁልጊዜ ከሚጠረጠረው በፊት ተጠርጥሮ የማያውቀውን ጠይቁ።