ከላይም ከታችም ያልተቆጠረችው ሴት

አንድ ከተማ ነበረ፤ በመሃሉ ወንዝ የሚያልፍበት። ሰዎቹ ከወንዙ በላይም ይኑሩ በታች ሲሞቱ የሚቀብራቸው አንድ እድር ነበር፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ ጥሩምባ ነፊ። አንድ ክረምት ግን ከላይኛውም ከታችኛውም ሰፈር በአንድ ቀን ሰው ሞተ። ድንኳኑ ላይኛው ሰፈር ተተከለ፤ የታች ሰፈር ለቀስተኞች ዝናብ ሲወርድባቸው ዋለ። ቂም ተያዘ። እድሩ ለሁለት ይከፈል ተባለ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ምንተስኖት የላይ ሰፈር ሰው ነበሩ፤ ከተናገሩ ቃላቸውን አያጥፉም። አባላቱን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡና የመከፋፈያውን ደንብ እንዲያወጣ የሂሳብ መምህሩን ደምሰውን ጠየቁት። ላይኛው እድር የሚይዘው ከላይ ተወልዶ ከላይ የሚኖረውን ብቻ እንዲሆን ፈለጉ። የታች ሰፈር ሰዎችም ለራሳቸው እንደዚያው ይሁን አሉ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ በከፊል የተደራረቡ ሁለት ክቦች ሣለ። አንዱ ከላይ የተወለዱት ነው፣ ሌላው ከላይ የሚኖሩት ነው አለ። ከጎናቸው ∩ የሚል ምልክት ጻፈና፣ ይህ ምልክት የሚይዘው በሁለቱም ክብ ውስጥ የሚገኘውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ለታች ሰፈርም እንዲሁ ሣለ። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ጋሼ፣ ከላይ ተወልዶ ታች የሚኖር ሰው በየትኛውም እድር የለም» አለ።

«ስንት ሰው ይሆናል ብለህ ነው መምህር? ለጥቂት ሰው ተብሎ ደንብ አይበላሽም» አሉት ዳኛው።

የተቃወመ አልነበረም። ደንቡ ጸደቀ።

አቶ ምንተስኖት ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ታላቅ እህት ነበሯቸው። ላይ ሰፈር ተወልደው ታች ሰፈር ተድረዋል፤ ወልደው ያረጁትም እዚያው ነው። ያን ቀን ስለ እሳቸው ያሰበ ሰው አልነበረም። ወንድማቸውም አላሰቡም።

ክረምቱ ሲወጣ ወይዘሮ አመለወርቅ ታመው አረፉ። ባላቸው አቶ ጫንያለው ወደ ታችኛው እድር ሄዱ። እዚያ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ሟቿ የላይ ሰፈር ተወላጅ ስለሆኑ ደንቡ አይፈቅድም አሏቸው። የወንዙን ድልድይ ተሻግረው ላይኛውን እድር ሲጠይቁ ደግሞ የሟቿ ኗሪነት ታች ነው ተባሉ። ሽማግሌው የሚሄዱበት ቢያጡ የዳኛውን በር አንኳኩ።

«ምንተስኖት፣ እህትህ ሞተች። ጥሩምባ የሚነፋላት አጣሁ።»

ደንቡ ዳኛው አፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት። ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄደው ጥሩምባውን ጠየቁ። ሰውየው ሲያመነታ ከእጁ ወስደው ራሳቸው እየነፉ ወረዱ። ትንፋሻቸው አጭር ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ከየደጁ የወጣው ሰው የየትኛው እድር ጥሪ እንደሆነ ግራ ገባው። ዳኛው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ጥሩምባውን ከአፋቸው አነሡና፣ «አመለወርቅ አርፋለች። እህቴ ናት» ብለው ተናገሩ።

መጀመሪያ የተከተላቸው ተማሪዎቹን ያሰናበተው መምህር ደምሰው ነበር። ከዚያ ከታችም ከላይም ሰው እየተከተለ መጣ። አስከሬኑን የተሸከሙት የሁለቱም ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ከሰልስቱ በኋላ ያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቂሙ ገና ስላልበረደ አንድ እድር እንሁን ያለ አልነበረም። አቶ ምንተስኖት ግን ተነሥተው፣ «ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ይበቃል» የሚለው እንዴት ይጻፋል ብለው መምህሩን ጠየቁ። መምህሩ ∪ ብሎ ጻፈላቸው።

«ይሄ ማንን ያስቀራል?»

«ከላይ የተወለደ ወይም ከላይ የሚኖር ሁሉ ይገባል። ለታችም እንዲሁ። ከሁለቱም ሰፈር የሆነውን ሁለቱም ይቀብሩታል።»

ዳኛው ጠመኔውን ተቀብለው የቀድሞውን ምልክት በመዳፋቸው አጠፉና አዲሱን ጻፉ። ደንቡ ተለወጠ። እህታቸው ግን አንድ ሙሉ ጠዋት ቀባሪ አጥተው መዋላቸው አልተለወጠም፤ ዳኛው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን አልረሱትም።

ወዳጄ፣ ሌላውን ለማስወጣት የምናሰምረው መስመር መጀመሪያ የሚቆርጠው ጠላታችንን አይደለም። ጠላታችን ከመስመሩ ወዲያ የራሱ ወገን አለው። የሚቆረጠው ከእነሱም ከእኛም የሆነው፣ ሁለታችንን አገናኝቶ የያዘን ሰው ነው። «ጥቂቶች ናቸው» ብለን ስናልፋቸው ስማቸውን ስላልጠራን እንጂ እህትና ወንድሞቻችን ናቸው።

እርስዎስ «የእኛ» ብለው ካሰመሩት ክብ ውጭ የቀረው ማን ነው?