የሰብሳቢያችን ጠንካራ ጫማ

አንድ ቀን የእኛ የበረዶ ስፖርት ኮሚቴ ለስብሰባ ተቀመጠ። አዎ፣ የበረዶ ስፖርት ኮሚቴ። ምን ያስቃል? ማኅተም አለን፣ አርማ ያለበት ወረቀት አለን፣ ሰብሳቢ አለን። የሌለን በረዶ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሐምሌ ብቅ ብሎ ቆርቆሯችንን ቀጥቅጦ ይሄዳል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ የምነግራችሁ ሁሉ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው።

ሰብሳቢያችን አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ሥልጠና ጄኔቭ ሄደው ነበር። ሥልጠናው ስለ መዝገብ ቤት አያያዝ ነበር፤ ወሩም ሰኔ ነበር። ግን በሆቴላቸው መስኮት አሻግረው ሲያዩ ከሩቅ ተራራ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ታይቷቸዋል። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ስለ በረዶ አፉን የሚከፍት ሰው የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አቶ ልሳነወርቅ ግን ያላዩትን አገር ያስተምራሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ በረዶ የረገጠ ሰው ቢኖር መክብብ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል፣ ስፖርተኛ ነዋ።

መክብብ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ የተራራ ሆቴል ሰባት ዓመት ሳህን ሲያጥብ፣ ከሥራ መልስ ሳንቃ ላይ ቆሞ በበረዶ ቁልቁል መንሸራተት የተማረ ሰው ነው። የሚወዳደረው ስኖውቦርድ ክሮስ በሚሉት ነው። አራት ሰዎች እግራቸውን ሳንቃ ላይ አስረው ከተራራ አናት እኩል ይለቀቃሉ። መንገዱ ጉብታና ጎድጓዳ፣ መዝለያና ጠመዝማዛ ነው፤ እየተገፋፉ ወርደው ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። መክብብ ሥራውን ጥሎ አንድ ክረምት ሙሉ ተለማመደና የዓለም ውድድሩን ማጣሪያ አለፈ። የቀረው አገሩን ወክሎ እንዲመዘገብ የኮሚቴው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ምዝገባው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ደብዳቤው ካልወጣ የሰባት ዓመት ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው።

ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አቶ ልሳነወርቅ ግን፣ ልጁ በጠንካራ ጫማ እወዳደራለሁ ብሎ ካልፈረመ እኔም አልፈርምም አሉ። የዚህ ስፖርት ጫማ ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራው ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በብረት መቆለፊያ ይጠረቀማል፣ ቁርጭምጭሚትንም እንደ ጀሶ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ለስላሳው በገመድ የሚታሰርና ከእግር ጋር አብሮ የሚታጠፍ ነው። መክብብ በትሕትና አስረዳቸው። ብቻውን በምልክቶች መሃል እየተጠማዘዘ ለሚወርድ ሰው ጠንካራው ጥሩ ነው አለ። እኔ ግን ከአየር ላይ ጉብታ ላይ ነው የማርፈው፣ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚቴ ካልታጠፈልኝ ወይ ጉልበቴ ይሄዳል ወይ ከዳር ያለው መረብ ውስጥ እጠቀለላለሁ፣ በእኔ ውድድር ያለው ሰው አብዛኛው ለስላሳውን ነው የሚያደርገው አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ፈገግ አሉ። እሳቸው ፈገግ ካሉ ምሳ ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ለስላሳ ጫማ ከነጠላ ጫማ በምን ይለያል አሉ። ጥንካሬ ከእግር ነው የሚጀምረው አሉ። ጄኔቭ እያለሁ አሉ፤ ይቺን እንኳ ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ላይ ቀርበው ልጃችን በጠንካራ ጫማ ዓለምን ጉድ ያሰኛል ብለው ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግዲህ የእሳቸው ቃል ከሚታጠፍ የመክብብ ጉልበት ቢሰበር ይሻላል።

መክብብ አልፈርምም አለ። እሳቸውም ክርክሩን በተግባር እንዝጋው ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመውን ጠንካራ ጫማ አስመጡ። ጫማው በእርዳታ የመጣ ነው፤ ለማን ልክ እንደሆነ እስከዚያ ቀን አይታወቅም ነበር። አቶ ልሳነወርቅ እንግዳ የሚቀመጥበት ጥልቅ ሶፋ ውስጥ ገብተው አጠለቁት። መቆለፊያዎቹን እኔን አስጫኑኝ። አራቱም እስከ መጨረሻው ጥርስ ይግቡ አሉ፤ እኔ ምን ቸገረኝ፣ አስገባኋቸው። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው እያዩ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁ ነው የሚመስለኝ አሉና ብዕር ለመክብብ እንዳቀብለው አዘዙኝ። ሰዓቱ ዐሥር ተኩል ሆኖ ነበር። መክብብ ብዕሩን ይዞ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላው።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ኮሎኔል አየልኝ ገቡ። ኮሎኔሉ የኮሚቴው የበላይ ጠባቂ ናቸው፤ ሰብሳቢን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እሳቸው ናቸው። የድሮ ሰው ናቸው። ሲገቡ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ ኖር ካላላቸው፣ እሳቸውም በእግዜር ብለው ካልመለሱ ሰላምታው አልሞላም። የመጨረሻው ሰው እስኪነሳ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ማን እንደዘገየም አይረሱም። አንድ ጊዜ ምክትል ሰብሳቢያችን ስልክ ይዞ ትንሽ ዘግይቶ ተነሳ። አሁን ምክትል ሰብሳቢ የለንም።

ሁላችንም ብድግ ብለን «ኖር!» አልን። አቶ ልሳነወርቅም ሊነሱ ሞከሩ። ግን እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ ሊያደርጉ ሲሉ ጫማው አልታጠፍ አለ። ሶፋውን ገፋ አድርገው ሲሞክሩ ደግሞ ፕላስቲኩ በተወለወለው ወለል ላይ ወደፊት ተንሸራተተና መቀመጫቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ብለው መቆለፊያውን ቢነካኩት፣ አከፋፈቱን ጄኔቭ ላይ አላስተማሯቸውም።

ኮሎኔሉ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። በእግዜር አላሉም።

«ልሳነወርቅ፣ አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ተቀምጠህ የምትቀበለኝ ከመቼ ወዲህ ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ላብ በላብ ሆኑ። ጫማው ነው እንዳይሉ መክብብ ብዕር ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። ጫማው አይደለም እንዳይሉ ኮሎኔሉ በር ላይ ናቸው። ያኔ መክብብ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ አይቀየሟቸው፤ አቶ ልሳነወርቅ ሰው አክባሪ ናቸው። ያላስነሳቸው ጫማው ነው። ለእርስዎ ክብር ከሶፋ መነሳት ባቃታቸው ጫማ እኔን አሥራ አራት ጉብታ ዝለልበት ብለው ሊያስፈርሙኝ ነበር። እሳቸው ጫማው ምንም አይልም የሚሉ ከሆነ ግን፣ እንግዲህ ያልተነሱት ወደው ነው።»

ኮሎኔሉ ወደ ሶፋው ዞሩ።

«እህ፣ ልሳነወርቅ? የቱ ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ መክብብን አዩ፣ ኮሎኔሉን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ለእኔ እጃቸውን ዘረጉልኝና ደብዳቤውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

«ለስላሳው ይሁን» አሉ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ኮሎኔሉ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ።