የተደፈነው መተንፈሻ

አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ይተዳደሩ ነበር። ታላቅየው አንዳርጌ፣ ታናሽየው ስንሻው ይባላሉ። መኪናዋ ከደጋው ከተማ ወደ ቆላው ገበያ ሰውና እህል ታመላልሳለች። አንዱን ሳምንት አንዳርጌ ይነዳታል፣ የሚቀጥለውን ስንሻው። ተራ ሲለዋወጡ ቁልፉን የሚቀበለው "እንዴት ናት?" ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያስረክበውም "ደህና ናት" ይላል። እኛ ደግሞ "እንዴት ነህ?" ስንባል ወገባችን ተቆርጦም ቢሆን "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የምንል ሰዎች ነን፤ ወንድማማቾቹ መኪናዋንም በዚሁ ደንብ ነበር የሚረካከቧት።

አንድ ቀን በአንዳርጌ ተራ፣ መኪናዋ ሰው ጭና ዳገቱን ስትወጣ ከኋላ በኩል አንድ ነገር ቋ አለና ጉልበቷ ጠፋ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አንዳርጌ ፍሬኑን ቢረግጥ ቢረግጥ አልይዝ አለው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ባያደርግ ኖሮ ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ድንኳን በጣለ ነበር።

የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጥርሱ ረግፎ ነበር። ወንድማማቾቹም ተያያዙ።

"ከአቅሟ በላይ እየጫንክ የገደልካት አንተ ነህ" አለ አንዳርጌ።

"በማን ተራ ነው የተሰበረችው? በአንተ አይደለም እንዴ ጋሼ?" አለ ስንሻው።

የወንድማማች ጠብ አንዴ ከተጀመረ ያለፈውን ሁሉ እየቆፈረ ያወጣል። በልጅነታቸው በስንሻው እረኝነት ጅብ የበላት ፍየል ሳትቀር ተነሳች። በመጨረሻ መኪናዋን አሠርተው፣ ሸጠው፣ ተካፍለው ሊለያዩ ቆረጡ። ለእሑድም የሚያካፍሏቸውን ሽማግሌዎች ጠሩ። እናታቸው ይህን ስትሰማ እህል አልቀምስ አለች።

የከተማው መካኒክ ጋሽ ኑሪ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ባለቤቱ አጠገባቸው ካልቆመ አንዲት ቡሎን አይፈቱም። "እኔ የማየውን እናንተም እዩት፤ ኋላ ጣጣ አልፈልግም" ይላሉ። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይወዱ በግድ መጡና አንዱ በመኪናዋ ቀኝ፣ አንዱ በግራ ቆሙ። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

አንዳርጌን ግን ከጠቡ ይልቅ ሌላ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ዲፈረንሻሉ እንደ ሩቅ ወፍጮ ማንጎራጎር ጀምሮ ነበር። ያኔ ስንሻው ሊያገባ ሽር ጉድ የሚልበት ሰሞን ነው። አንዳርጌ ወንድሙን በሠርጉ ዋዜማ አላሳዝነውም ብሎ፣ መኪና አሻሻጭ ደላሎች የሚያውቁትን ዘዴ ተጠቀመ። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥቶ ከወፍራም ዘይት ጋር ለወሰና ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጨመረው። ድምፁ ጠፋ። ከሠርጉ በኋላ አሠራታለሁ አለ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሰጋቱራው እዚያው ቀረ።

ጋሽ ኑሪ ሥራው ቶሎ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። አሮጌው ዲፈረንሻል ይወጣል፣ የተገዛው ይገባል፣ በቃ። ነገር ግን የኋላ ጎማዎቹን ሲያወልቁ እጃቸውን ሰብስበው ቀሩ። የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሶ ይንጠባጠባል።

"አያችሁ?" አሉ። "ይህ ፍሬን አይደለም፣ ወጥ ነው። ጥርሱ ዳገት ላይ ባይረግፍ ኖሮ በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ምን ልትሆኑ ነበር? የሰበረባችሁ አምላክ ወዷችኋል።"

አንዳርጌ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አሰባቸው።

"ዘይቱ እዚህ ምን አመጣው?" እያሉ ጋሽ ኑሪ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ በጣታቸው መካከል በሳሙና የተለሰነች የጎማ ቁራጭ ይዘዋል። "ዲፈረንሻል አናቱ ላይ መተንፈሻ አለው። ሲሞቅ በዚያ ይተነፍሳል። አንድ ሰው ደፍኖታል። መተንፈሻ ያጣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ማኅተም ጥሶ ወደ ፍሬኑ ወጣ፤ ጥርሱም ያለ ዘይት ቀረና ተበላ። የማን እጅ ነው?"

ስንሻው ፊቱ አመድ መሰለ። "የእኔ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "በዚያ በኩል ዘይት እያንጠባጠበ መኪናዋ የምታድርበትን ቦታ ያጠቁር ነበር። ጋሼ ያኔ ሚስቱ ታማበት ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይንከራተታል። እንዳያይና ሌላ ጭንቀት እንዳልጨምርበት ብዬ ደፈንኩት። ሲሻላት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።"

አንዳርጌ በዚያች ቅጽበት ነጻ ሰው ነበር። ጥፋተኛው በራሱ አንደበት ተናግሯል። እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል። የገዛ ሰጋቱራውንም ከጥቁሩ ዘይት ማን ለይቶ ያውቅበታል? ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ወደ ታናሽ ወንድሙ ግን ቢያይ፣ ስንሻው ያች ፍየል የተበላች ዕለት እንደቆመው አንገቱን ሰብሮ ቆሟል።

ጋሽ ኑሪ ዘይቱን ሊያፈሱ መፍቻቸውን ሲያነሱ አንዳርጌ "ይቆዩኝ" አላቸው። "ከመክፈትዎ በፊት ልንገርዎ። ውስጡ ሰጋቱራ አለ። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስንሻው አያውቅም።"

ስንሻው ቀና አለ። "ለምን ጋሼ?"

"ልትሞሸር ነበራ" አለ አንዳርጌ።

ዘይቱ እንደ ጥቁር አጥሚት እየተንቦጫረቀ ወረደ። ጋሽ ኑሪ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ይህች መኪና ስትጮህ አንዱ አፏን ያዛት፣ ስታለቅስ ሌላው ዓይኗን ሸፈነባት። ሁለታችሁም ከፍቅር ነው ያደረጋችሁት። ሰው ሊሞት የነበረውም በዚሁ ፍቅር ነው" አሉ። "በሉ አሁን ኑ፣ ያዙልኝ። ሥራው ሰፍቷል።"

ሥራው በእርግጥም ሰፋ። ማኅተሙ ተለወጠ፣ የፍሬኑ ሸራ ተለወጠ፣ የዲፈረንሻሉ ቤት በናፍጣ ታጠበ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመጡ ወንድማማቾቹን ቤት አላገኟቸውም። ወደ ጋራዡ ቢሄዱ ከመኪናዋ ሥር አራት እግር ብቻ ይታያል። "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ምኑን እናካፍላችሁ?" ቢሏቸው ስንሻው ከሥር ሆኖ "ዘይቱን፣ አባቶቼ፤ እሱ ተርፎናል" አለ። ሽማግሌዎቹ ስቀው ተቀመጡ። እናትየውም ያን ቀን ምሳ በላች።

መኪናዋ አልተሸጠችም። የመጀመሪያው ሳምንት የስንሻው ሆነ። ሳምንቱ ሲያልቅ ቁልፉን ለታላቁ ሊያስረክብ መጣ።

"እንዴት ናት?" አለ አንዳርጌ እንደ ልማዱ።

ስንሻው "ደህና ናት" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። "ቁልቁለት ላይ በግራ በኩል ትንሽ ትንጫጫለች። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አብረን እንያት?"

አንዳርጌ ቁልፉን ተቀበለ። ከድንጋጤ ይልቅ የተሰማው ዕረፍት ነበር። "እኔም ሰሞኑን ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ የሚስቴ ሕመም ተመልሶባታል" አለው። ሁለቱ በመኪናዋ ደረት ላይ ተደግፈው እስኪመሽ ድረስ ሲያወሩ ቆዩ።

ወዳጆቼ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንሸሽገው ከክፋት አይደለም፤ የምንወደውን ሰው ላለማስጨነቅ ነው፣ ይሉኝታ ይዞን ነው። የተደፈነ ነገር ግን መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ፍሬናችን ላይ ነው የሚወጣው። ትዳርም፣ ወንድምነትም፣ ጓደኝነትም አናቱ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ተከፍቶ የታየ ብልሽት ይሠራል፤ እጅ ያቆሽሻል እንጂ ይሠራል።

ዛሬ አንድ ሰው "እንዴት ነህ?" ወይም "እንዴት ነሽ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። "ደህና" ከማለታችሁ በፊት እስቲ አንድ አፍታ አስቡ፤ የደፈናችሁት ምንድን ነው?