ማሳትልና የሚሰምጠው ግንብ

በድሮ ዘመን፣ እናንተ ልጆች፣ ሜክሲኮ በሚባለው አገር ሐይቅ ላይ የተሠራች ከተማ ነበረች። እዚያ ማሳትል የሚባል ገበሬ ነበር፤ ቁጣ የማያውቅ፣ ከዓይኑ ግን ምንም ነገር የማያመልጠው።

እርሻው ውሃ ላይ ነው። ውሃ እንዴት ይታረሳል አትሉም? ችካል ሐይቁ ውስጥ ይተክላል፣ በሸንበቆ ያጥራል፣ ከሥር ጭቃ እያወጣ ይሞላዋል። በቃ፣ ማሳ ሆነ! በቆሎው፣ ዱባው፣ ቃሪያው ይበቅልበታል። በማሳና በማሳ መካከል ታንኳ የሚሄድበት ቦይ አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ወራሪዎች በፈረስና በመድፍ መጡ። ከተማዋን አፈረሷት። ስንቱ ሰው አለቀ! እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ከወራሪዎቹ አንዱ ዶን ጋስፓር ይባላል፤ ችኩል፣ ግትር፣ ምክር የማይሰማ።

«በፍርስራሹ ላይ አዲስ ዋና ከተማ እንሠራለን» አለ። «ትልቁ ግንብ ደግሞ የኔ ይሆናል!»

የፈረሰውን ቤተ መቅደስ ጥቁር ድንጋይ አስጭኖ ሠራ። ግንቡ እስከ ደፉ ሰመጠ። ግድግዳውን አወፍሮ ደግሞ ሠራ። እስከ መስኮቱ ሰመጠ። ይበልጥ አወፍሮ ሦስተኛ ሠራ። እስከ ጣሪያው!

«ጥፋቱ የውሃው ነው» አለ ዶን ጋስፓር። «ቦዮቹ ሁሉ በአፈር ይደፈኑ! ማሳዎቹም ይደልደሉ!»

የማሳትል ሚስት ፓፓን ይህን ስትሰማ «እንግዲህ ምን ልንበላ ነው? ድንጋይ?» አለች።

«ቆይ እስቲ፣ ላነጋግረው።»

«እሱ ሰው ያናግራል?»

«ሦስት ጊዜ የሰመጠበት ሰው ያናግራል» ብሎ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ግንብዎን እኔ አቆመዋለሁ» አለው። «ከቆመ ቦያችንን ይተዉልን። ከሰመጠ ይስቀሉኝ።»

«አንተ? አንተ የጭቃ ገበሬ!»

«ታዲያ ጭቃን ማን ይወቀው ጌታዬ?» አለና ማሳትል ጭቃው ላይ የሸንበቆ ምንጣፍ ዘርግቶ ቆመበት። «እስቲ እኔ ዘንድ ይድረሱ።»

ዶን ጋስፓር ብረት እንደለበሰ ተንደርድሮ ገባ። እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። እስከ ወገቡ ሰመጠ።

«ሳበኝ!»

«የራስ ቁሩን ይጣሉ።» ጣለ። «የብረት ልብሱን፣ ጥሩሩን ይጣሉ።» ጣለ። «ጫማውንም ለጭቃው ይተዉለት።» ተወለት። ያን ጊዜ ማሳትል ጎትቶ ምንጣፉ ላይ አወጣው።

«አዩ? ግንብዎም እንደ እርስዎ ነው። ከላይ ከባድ፣ ከሥር ባዶ።»

«በመስቀሉ ምዬልሃለሁ» አለ ዶን ጋስፓር በባዶ እግሩ። «ይቁም ብቻ፣ ቦዩ የናንተ ነው።»

ማሳትልና ጎረቤቶቹ እንደ ማሳቸው አደረጉት። ችካሉን አጠጋግተው ወደ ጭቃው መቱ፣ መቱ፣ መቱ። በላዩ ቀዳዳ የበዛበትን ቀላል ቀይ ድንጋይ ካቡ። ዝናቡ መጣ፤ ግንቡ ቆመ። ዓመት ዞረ፤ ግንቡ ቆመ።

ዶን ጋስፓር ግን ሲመቸው ረሳ። «በል፣ አሁን ቦዩ ይደፈን። ለፈረሴ መንገድ ያስፈልገዋል» አለ።

«መሐላውስ ጌታዬ?»

«ለጭቃ ገበሬ የማለ ማነው?»

ማሳትል አልተቆጣም። «እሺ፣ ይደፈን። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ከቤትዎ ሥር ያለው ችካል ከቦዩ ውሃ እየጠጣ ነው የሚኖረው። ከደረቀ በስብሶ ዱቄት ይሆናል። ለመሆኑ የሚተኙት በየትኛው ክፍል ነው?»

ዶን ጋስፓር ግድግዳውን አየ። ወለሉን አየ።

«ይህን ቦይ የነካ ወዮለት!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ዘበኛ አቆመ።

ልጆቼ፣ ማሳትል ዱባውን በታንኳ ጭኖ ሲያልፍ የወራሪው ወታደሮች መንገድ ይለቁለት ጀመር። ፓፓን ይህን አይታ «ምን አስማት አደረግህበት?» አለችው።

«እውነቱን ነገርኩት» አላት፤ ቀዘፋውንም ቀጠለ።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ በሰው አገር ቤት የሚሠራ አስቀድሞ የአገሩን ሰው ይጠይቅ። ተበደልኩ የሚልም የሚያውቀውን ሥራ አይናቅ፤ አምላክ ለደካማው በእጁ የሰጠው ጋሻ እሱ ነው። ተረቴን ጨረስኩ፤ ሰምታችሁ ደግሞ ለሌላው አውሩ።