ከአሸዋው ሥር ያለው ውሃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ ጉሮሯችሁን ግን ቀድማችሁ አርጥቡ።

በአንድ ክፉ በጋ ወንዙ ደረቀ። እንዲህ ባለው ጊዜ ዝሆኖችና አህዮች አብረው መቆፈር ልማዳቸው ነበር። ዝሆን በጥርሱ ወደ ታች ይሰረስራል፤ አህዮች ከጉድጓዱ አፍ የሚናደውን አሸዋ በኮቴያቸው ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይጠጣል። ያን ዓመት ግን ሁለቱ መንጋዎች ተኳርፈው በወንዙ ግራና ቀኝ ሰፈሩ። ምን እንዳጣላቸው ብትጠይቋቸው አንዱም አጥርቶ አይነግራችሁም።

አንዲት አሮጊት አህያ ጥሙ ቢብስባት ተሻግራ ወደ ዝሆኖቹ አለቃ ሄደች።

«ወንድሜ፣ አንተ ቆፍር፣ እኛ እንጥረግ። ልጆቻችን ማለቃቸው ነው» አለችው።

ዝሆኑ ወደ ኋላው ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔስ በወደድኩ ነበር፤ ግን ከአህያ ጋር ታየ ከተባልኩ የገዛ ልጆቼ ይረግጡኛል» አላት።

ስትመለስ የራሷ መንጋ አሸተታት። «ዝሆን ዝሆን ትሸቻለሽ!» ብለው በእርግጫ አባረሯት።

ከዚያማ ሁሉም በየፊናው ቆፈረ። የዝሆኖቹ ጉድጓድ ጠራጊ አጥቶ እየተናደ ተደፈነ፤ የአህዮቹም ከጉልበት አላለፈ።

አንድ ጠዋት ከማዶ ድምፅ ጠፋ። አህዮቹ ዝሆኖቹ ማለቃቸውን ሲያዩ በደረቀ ጉሮሯቸው እያናፉ «አሸነፍን!» አሉ።

አሮጊቷ ብቻ አላናፋችም። ከመንጋው ርቃ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አሳረፈች። ውሃው ከሥር ሸተታት፤ ከአንድ የዝሆን ጥርስ በላይ አይርቅም ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ዛሬ ግን አፌን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱልኝ።