አፈር ውስጥ የቀረው ከረጢት

አንድ እንጉዳይ ለቃሚ በጫካ ዳር ይኖር ነበር፤ ስሙ ደምለው ይባላል። ያገሩ ልማድ እንጉዳይ ከነእግሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሎ መጀመሪያ ለሽማግሌ እንዲታይ ያዝዛል። ለምን ቢሉ፣ ቆብ ያታልላል። በዚያ ጫካ የሚበላውም የሚገድለውም ቆቡ ነጭ ነው፤ ከቆቡ ሥር የተደረደረው ስስ ንብርብርም ያው ነው፤ አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበትም ያችው ናት። ገዳዩን የሚያሳብቅበት አፈር ውስጥ ተቀብሮ እግሩን ያቀፈው ከረጢት ብቻ ነው።

ደምለው ለባላባቱ ቤት ያቀርብ ነበር። ልጁ ስንዱም እዚያው ወጥ ቤት ታገለግላለች። አንድ ቀን እመቤቲቱ ዘንቢሉን አይታ፣ «ደምለው፣ እንጉዳይ አምጣ ብንልህ ማሳህን ተሸክመህ መጣህ?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ስንዱ ግን አንገቷን ደፋች። እሱን ያንገበገበው ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንጉዳዩን ከመሬት በላይ በቢላ ይቆርጠው ጀመር። ዘንቢሉ እንደ ጥጥ ነጣ። ሽማግሌው አባ ቢሻው መንገድ ላይ አስቆሙት።

«እግሩስ?»

«ጫካ ቀረ። እመቤቴ እግሩን አትበላም።»

«እንግዲያው እኔም አላየሁልህም።»

ስንዱ ዘንቢሉን ስትቀበለው፣ «አባዬ፣ አባ ቢሻው አይተውታል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይተውታል» አላት።

ወጡ እንደተሠራ እመቤቲቱ ለቅሶ ተጠርታ ወጣች። ስንዱም እንዳይባክን ብላ በላችው። በማግስቱ ስታስመልስ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ግን ተነሥታ ሳቀች፤ ደምለው ተመስገን ብሎ ዶሮ አረደ። የዚህ መርዝ ክፋቱ ይህ ነው፤ የሄደ መስሎ ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። በስድስተኛው ቀን ቀበሯት።

ከቀብር መልስ ደምለው ቢላውን ትቶ ዶማ ይዞ ጫካ ገባ። የቆረጠበትን ቦታ ቆፈረ። ከረጢቶቹ ጫጩት እንደወጣበት የእንቁላል ቅርፊት ነጥተው እዚያው ነበሩ። ከነአፈራቸው በእጁ ይዞ አባ ቢሻው ደጅ ቆመ። ሽማግሌው አንዱን ከረጢት ከእጁ አንሥተው፣ «አሁን አየሁት» አሉ።

እንግዲህ አፈሩን ተጠይፈን የቆረጥነው ነገር ሁሉ ንጹሕ ይመስላል፤ ምስክሩ ግን ከአፈሩ ጋር ይቀራል። እኛስ እንዳይሳቅብን ብለን የስንቱን ነገር እግር ቆርጠን ለምንወዳቸው ሰዎች «ታይቷል» ብለን አቅርበን ይሆን?