ጓንጉል የዋጠው እልልታ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? «አለን!» በሉ። እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ጓንጉል ጉልበታም ነው። የታመመ ጥጃ በትከሻው ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። አንድ ነገር ግን ይፈራል፤ የሰው ዓይን። እሱ ራሱ መንታ ሆኖ ተወልዶ፣ ወንድሙ በሕፃንነቱ ሞቶበታል። «ዓይን በላው» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው።

ታዲያ አንድ ቀን ሚስቱን የውብዳርን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እማማ ትርንጎ መጡ። ሴት ልጅ ተወለደች! በዚያ አገር ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት እልልታ ነው። ደጅ የቆሙት ሴቶች ሦስቴ እልል አሉና ገንፎ ሊያሰናዱ ወደየቤታቸው ሮጡ። እነሱ ዞር ከማለታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንዱ ከተፍ አለ!

እማማ ትርንጎ ለእልልታ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓንጉል እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ በሚካኤል! መንታ ነው ከተባለ ዓይን ይበላብኛል። ሁለተኛ ልጅ አለ ብለው ለማንም ላይናገሩ ይማሉልኝ!»

«ሁለት አራስ ልጅ ለብቻችሁ ትችሉታላችሁ?»

«ሁለት በሬ የምነዳ ሰው ሁለት ሕፃን ያቅተኛል?»

ማሉለት። ሰባቱ እልልታ እዚያው ተዋጠ።

ኧረ ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲያ የመጣውን ጉድ! ሴቷ ስትተኛ ወንዱ ይነሳል። ወንዱ ሲተኛ ሴቷ ትነሳለች። የውብዳር አንዱን አጥብታ ሳትጨርስ ሌላው ይጮኻል። ጓንጉል አንዱን አዝሎ፣ አንዷን ታቅፎ ሲንጎራደድ ያነጋል። እንዲህ ሰንብቶ አንድ ጠዋት እርሻ ወረደና በሬውን ትቶ አህያዋን ጠመደ። አህያዋም ገርሟት ዝም ብላ አየችው።

ጎረቤታቸው አትጠገብ ልትጠይቅ መጣች። ጓንጉል ወንዱን ልጅ ጓዳ ደበቀው።

«ልጅቷን ልያዝልሽ፣ አንቺ ጋደም በይ» አለች አትጠገብ። ይሄኔ ከጓዳ ለቅሶ ተሰማ። «ምንድን ነው?»

«ድመት ናት» አለ ጓንጉል። በቶሎ ሸኛት።

ደግማ መጣች። «ዛሬ እዚሁ ልደርና ላግዛችሁ።» ከጓዳ ለቅሶ። «ምንድን ነው?»

«ግልገል ናት» አለ። ሸኛት።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከጓዳ ለቅሶ። «ይኼስ?»

ጓንጉል ድመቱም ግልገሉም አለቀበት። «እኔ ነኝ!» አለ።

«አንተ እዚህ ፊቴ ቆመህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት!»

እውነቱን ለመናገር፣ ማልቀሱስ አምሮት ነበር። አትጠገብም ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ሳቁ፣ ሳቁ። ግን የሚያስለቅስም አለው። የውብዳር በእንቅልፍ ማጣት ከሳች፤ ወተቷም ነጠፈ። የወንዱ ልጅ ለቅሶ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ጠዋት ጨርሶ ድምፅ አጣ፤ አፉን ብቻ ይከፍታል።

«ጓንጉል፣ ዓይን ሳይበላው ራብ ሊበላብኝ ነው! ሰው ጥራ!» አለች የውብዳር።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለ። ይህን ሲል ቆሞ እያንቀላፋ ነበር።

የውብዳር አሰብ አደረገች። «እንግዲያው እማማ ትርንጎን ጥራልኝ፤ ወገቤን ይሹኝ። እሳቸው እንደሁ ያውቃሉ።» ይህን እንኳ እምቢ ማለት አልቻለም።

እማማ ትርንጎ ገቡ። ልጁን አዩ። እናቲቱን አዩ። ጓንጉልን አዩ። «በመሐላዬ እንደጸናሁ ነኝ፤ አንድ ቃል አይወጣኝም» አሉ። ከዚያ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉና ደጅ ወጥተው፦

እልልልልልል!

መንደሩ ጆሮውን አቆመ። አንድ! ሁለት! ሦስት! «የሴቷ ነው፤ ሰምተነዋል» አለ ሰዉ። አራት! «እንዴ?» አምስት! ስድስት! ሰባት!

«ወንድም አለ! መንታ ነው! መንታ!»

ሴቱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ መሐላውን አፈረሱ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል።

«ምን ተናገርኩ? እልል ማለት ከመቼ ወዲህ ነው መናገር የሆነው?»

ቤቱ ጢም አለ። አትጠገብ በቀጥታ ጓዳ ገባች። «ይኼ ነው ድመቱ?» አለችና ብድግ አደረገችው። እሷም የምታጠባ ነበረችና ጡቷን አጎረሰችው። ጎተተ! ሌላዋ ሴቷን ልጅ ታቀፈች። ሌላዋ ለየውብዳር አጥሚት አሞቀች፤ አናቷን ቅቤ ቀባቻት። የውብዳር አጥሚቱን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ወንዶቹም በሬያቸውን እየነዱ ወደ ጓንጉል ማሳ ወረዱ።

ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ ስንት ዓይን ገባ!» እያለ ይንቀጠቀጣል።

«ዓይኑን ምን አስቆጠረህ? እጁን ቁጠር» አሉት እማማ ትርንጎ።

ቆጠረ። እጁ በዛበት። መንቀጥቀጡም ተወው።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ዝም ብለው አላለፉትም። «ሰባት እልልታ ውጠህብናል፤ በአደባባይ ትመልሳለህ» ብለው ፈረዱበት። ወንድ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጓንጉል ከዋርካው ሥር ቆመ። የመጀመሪያው እልልታ የአህያ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሁለተኛውም ያው ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እንባው መጣ። ይሄኔ ከአትጠገብ እቅፍ ውስጥ ልጁ በሙሉ ድምፁ ጮኸ!

«ስሙት! የልጄ ድምፅ ተመለሰ!» አለች የውብዳር።

ጓንጉልም ማንም ሳይፈርድበት ስምንተኛውን ጨመረ።

አያችሁ ልጆቼ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ተረቴ አለቀ፤ የዋጣችሁት እልልታ ካለ አሁኑኑ አውጡት። እልልልልል!